ሞልቶ መቀመጥ የማይወድ ባትሪ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለሪሞት መኪና ወዳጆችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜን የሚያህል ቀን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች መኖራችሁን ሳይ ደግሞ በጣም ደስ አለኝ። ወሬያችን ስለ መጫወቻ መኪና ቢመስልም ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ነው። ቤተሰብ የሚተኛበት ቤት ጉዳይ።

በጥያቄ ልጀምር። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ምን ምን ሞልታችሁ ወጣችሁ? የውሃ ፈረቃ የደረሰው ጀሪካኑን ሞልቷል። ሮቶ ያለው ሮቶውን። ስልካችሁ 100 ፐርሰንት ነው። ፓወር ባንኩም እንደዚያው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሳለ ይሞላል። መብራት መቼ እንደሚሄድ፣ ውሃ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅማ። እናቶቻችን ያስያዙን ልማድ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ቤት ውስጥ ባዶ ጀሪካን ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሪሞት መኪና ባትሪ ግን ይህን ልማድ አይወድም። ሞልታችሁ ካስቀመጣችሁት ይታመማል። ከታመመ በኋላ ደግሞ እንደ ጤነኛ አድርጋችሁ ቻርጅ ስታደርጉት ሊያቃጥላችሁ ይችላል። መኪናው ሲሮጥ፣ ሲጋጭ፣ ሲገለበጥ ሁላችንም ዓይናችን እሱ ላይ ነው። ባትሪው የሚያስፈራው ግን እኛ ዞር ስንል፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ወይም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሁለት ባትሪዎች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ሴል፣ ማለትም ሁለት ትናንሽ ባትሪዎች በአንድ ላይ የተያያዙባቸው፣ የመያዝ አቅማቸውም 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት። ሰኔ ውስጥ አንድ ዓርብ ማታ ሁለቱንም ሞላኋቸው። ቅዳሜ ጠዋት ልንነዳ ተቀጣጥረን ነበር። ቅዳሜ ዘነበ። እሑድም ዘነበ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። «ሞልተው ይቀመጡ፣ ፀሐይ ስትወጣ ዝግጁ ይሆናሉ» ብዬ ወረቀቶቼ ያሉበት የእንጨት መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ መሳቢያውን ስስበው አልከፈት አለኝ። ግማሽ ድረስ መጥቶ ተቀረቀረ። እጄን አስገብቼ ስዳስስ አንዱ ባትሪ አብጦ ከላይኛው እንጨት ጋር ተጣብቋል። እንደምንም አወጣሁት። ጠፍጣፋ የነበረው ነገር ኩፍ እንዳለ ሊጥ ሆኗል። በአውራ ጣቴ ነካ ሳደርገው ይሰረጉዳል። ሽታው ደግሞ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ነው። ያን ሽታ ባትሪያችሁ ላይ ከሸተታችሁ ሽፋኑ ተቀዷል ማለት ነው። ሌላው ባትሪ ሲያዩት ደህና ነበር። መኪናው ላይ ሳደርገው ግን ድሮ የሚሰጠኝን ጊዜ ግማሹን እንኳን አልሰጠኝም።

ያ መሳቢያ ከአልጋዬ አንድ ክንድ አይርቅም። ሁለት ወር ተኩል አጠገቡ ተኝቻለሁ።

ለምን ያብጣል? ይህ ባትሪ ሊቲየም ፖሊመር ይባላል፤ እኛ ሊፖ እንለዋለን። ውስጡ እንደ ቅጠል የሳሱ ሁለት ዓይነት ንጣፎች አሉ። አንደኛው ግራፋይት የተቀባ የመዳብ ፎይል ነው። ሌላው ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድን የመሰለ ነገር የተቀባ የአሉሚኒየም ፎይል። በመካከላቸው ከወረቀት የሳሳ ፕላስቲክ አለ። ሁሉም የራሱበት ፈሳሽ ደግሞ የሚነድ ፈሳሽ ነው። ባትሪው ሞልቶ ሲቀመጥ ይህ ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ሲፈርስ ጋዝ ያወጣል። ሙቀት ካገኘ ይበልጥ ይፋጠናል። የሊፖ ሽፋን የብረት ጣሳ ስላልሆነ፣ ለስላሳ ከረጢት ስለሆነ፣ ጋዙ ይነፋዋል።

«ስልኬስ? ሁልጊዜ ሞልቼው ነው የምተኛው» የሚል አለ። ስልክም ቢሆን ሁልጊዜ መሙላቱ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። ስልካችሁ ውስጥ ባትሪውን የሚጠብቅ ትንሽ ሰርኪት አለ። ከልኩ ሲያልፍ ይቆርጠዋል፤ ባዶ ሊሆን ሲል ያጠፋዋል። የእኛ ባትሪ ዘበኛ የለውም። ሽቦው በቀጥታ ከሴሉ ይወጣል። ሞተሩ ብዙ ከረንት በአንድ ጊዜ እንዲያገኝ ታስቦ እንዲህ ተሠራ። ስለዚህ የዘበኛውን ሥራ የሚሠራው ባለቤቱ ነው።

ቁጥሮቹን ጻፉልኝ። አንድ የሊፖ ሴል ሲሞላ 4.20 ቮልት ነው። ከዚያ በላይ አይሄድም። ለማስቀመጥ የሚመቸው ከ3.80 እስከ 3.85 ነው። ከ3.0 በታች ፈጽሞ መውረድ የለበትም። ሲነዱት 3.3 ወይም 3.4 ላይ ማቆም ይሻላል። ባትሪው ላይ 2ኤስ ተብሎ ከተጻፈ ሁለት ሴል ነው፤ ሲሞላ 8.4፣ ሲቀመጥ 7.6 ወይም 7.7። 3ኤስ ከሆነ ሲሞላ 12.6፣ ሲቀመጥ 11.5 አካባቢ። ሽፋኑ ላይ በትልቁ የሚታየው 7.4 ወይም 11.1 መጠሪያው ነው እንጂ የሙሉ ባትሪ ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንዳንድ ባትሪ ደግሞ እስከ 4.35 የሚሞላ አለ፤ ራሱ ላይ በግልጽ ይጻፍበታል። ካልተጻፈ 4.20 ነው።

«እሺ፣ ሞልቼ ካላስቀመጥኩ ባዶ ላድርገው» ማለትም ስህተት ነው። ባዶ ባትሪ ተቀምጦም በራሱ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። መኪናው ላይ እንደተሰካ ከሆነ ደግሞ ማብሪያውን ብታጠፉትም መኪናው ውስጥ ያለው የሞተር መቆጣጠሪያ ጠብ ጠብ እያደረገ ይጠጣዋል። ከልኩ በታች ሲወርድ ውስጥ ያለው መዳብ ይሟሟል። እንደገና ስትሞሉት የሟሟው መዳብ መሆን በሌለበት ቦታ ይረጋል። ያን ቀጭን ፕላስቲክ አልፎ ሁለቱን ንጣፎች ካገናኘ ኮንታክት ይፈጥራል፤ ያውም ከውስጥ፣ ማንም በማያይበት።

እዚህ ላይ በጣም የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ቻርጀሩ «ባትሪው በጣም ዝቅ ብሏል፣ አልሞላም» ሲላችሁ ቻርጀሩን በሌላ ዓይነት ባትሪ ሴቲንግ እያታለላችሁ ባትሪውን አታስነሱት። «ባትሪውን አስነሳሁት» የሚሉ ልጆች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይነሳል። መኪናውንም ይነዳል። ቻርጀሩ አልሞላም ያለው ግን በምክንያት ነው። ባትሪ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ከውጭ በሚመጣ ሰው እያስላክን ነው የምናገኘው። እንደዚያም ሆኖ ይቅር።

አሁን ስለ መሙላት። ጥሩ ቻርጀር የሚሠራውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጀሪካን ስትሞሉ አስቡት። መጀመሪያ ቧንቧውን ለቀቅ ታደርጋላችሁ። አንገቱ ጋ ሲደርስ እንዳይፈስ ጠበብ ታደርጋላችሁ። በመጨረሻ ጠብታ ሲሆን ትዘጋላችሁ። ቻርጀሩም መጀመሪያ እኩል ከረንት ይሰጣል። 4.20 ሲደርስ ቮልቱን እዚያው ይዞ ከረንቱን ይቀንሳል፤ በጣም ሲያንስ ያቆማል።

በስንት አምፔር? ባትሪው 5000 ከሆነ 5 አምፔር፣ 2200 ከሆነ 2.2 አምፔር። ይህ 1ሲ ይባላል፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ይሞላል። ካልቸኮላችሁ ግማሹን አድርጉት። እኔ ሁልጊዜ ግማሹን ነው የማደርገው። ባትሪው ላይ በሲ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር፣ 50ሲ ምናምን የሚለው፣ ሲያወጣ እንጂ ሲሞላ አይደለም። እሱን አይቶ በከፍተኛ ከረንት የሚሞላ ሰው አጋጥሞኛል።

ከባትሪው ሁለት ዓይነት ገመድ ይወጣል። ወፍራሙ ለሞተር ነው። ነጭ ጫፍ ያለው ቀጭኑ የባላንስ ገመድ ነው። ቻርጅ ስታደርጉ ሁለቱም ይሰኩ። ለምን? ባለ ሁለት ሴል ባትሪ አስቡ። አንዱ ሴል 4.30 ደርሷል፣ ሌላው 4.10 ላይ ነው። ሲደመር 8.40። በወፍራሙ ገመድ ብቻ የሚያይ ቻርጀር «ልክ ነው» ይላል። አንዱ ሴል ግን ከልኩ አልፎ እየታመመ ነው። በቀጭኑ ገመድ ቻርጀሩ እያንዳንዱን ለየብቻ ያያል፤ ያስተካክላልም። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ስክሪኑን አንብቡ። ሊፖ ይላል? የሴሉ ቁጥር ልክ ነው? አምፔሩስ? ጀማሪ ልጅ ካለ ሦስቱን ነገር ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ።

ቦታው። ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ወለል ላይ። ምንጣፍ ላይ አይደለም፣ ሶፋ ላይ አይደለም፣ ስፖንጅ ፍራሽ አጠገብ አይደለም። መጋረጃ በላዩ አይውደቅ። በዓል ከሆነ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ቦታ አይሁን፤ በማግሥቱ ደርቆ ጭድ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በር ላይ አይሁን። አብዛኞቻችን የምንኖረው አንድ መውጫ ብቻ ባለው ቤት ነው። ኮንዶሚኒየምም በሉት ሰርቪስ ቤት፣ ሶኬቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሩ አጠገብ ነው። እዚያ የተነሳ እሳት መውጫችሁን ይዘጋል።

እና ስትሞሉ እዚያው ሁኑ። ነቅታችሁ። ይህን ስል የብዙዎቻችሁን ችግር አውቃለሁ። ቀን መብራት የለም፤ የሚመጣው ሌሊት ነው። «ሰክቼው ልተኛ፣ ሲመጣ ይሞላል» ትላላችሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ስትተኙ ምንም ሊፖ ቻርጀር ላይ አይኑር። መብራት ከሄደ ባትሪውን ከቻርጀሩ ንቀሉ፤ የጠፋ ቻርጀር ራሱ ቀስ እያለ ባትሪውን ሊጠጣው ይችላል። ቻርጀሩንም ከሶኬት ንቀሉት፤ መብራት ሲመለስ ቮልቱ ዘለል ብሎ ሊመጣ ይችላል። መለስ ካለና ከተረጋጋ በኋላ፣ እናንተ ካላችሁ ሰኩት፤ ከሌላችሁ ነገ።

ሁለተኛውን ታሪክ መናገር ይከብደኛል፤ ግን ልናገር።

አንድ ቀን መኪናዬ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ተጋጨች። ባትሪው አንድ ጥጉ ላይ ጎደጎደ። የጥፍር ያህል ነው። ማበጥ የለ፣ መፍሰስ የለ። አንድ ቀን አሳደርኩትና ቻርጅ አደረግሁት። ቤት ውስጥ ያለው ሶኬት ተበላሽቶ ስለነበር በዲቫይደር ስቤ በረንዳ ላይ አደረግሁት። አስቤበት አይደለም፤ ሶኬት ስላልነበረ ነው።

ሁለት ሜትር ያህል ርቄ ዱካ ላይ ተቀምጬ ጎማ እቀይር ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሆን «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት። ዞር ስል ባትሪው ተነፍቶ ከወለሉ ተነስቷል። ከዱካው እስክነሳ ነጭ ጭስ ጣሪያ መታ። ወፍራም ነው፤ ጣሪያውን መትቶ ወደ ታች ይመለሳል። ከዚያ እሳቱ በአንድ ጎን ወጣ፤ እንደ ቡታ ጋዝ ምድጃ ቀጥ ብሎ፣ እየጮኸ። ቀዝቀዝ ሲል አለቀ ብዬ አንድ እርምጃ ቀረብኩ። ያኔ ሁለተኛው ሴል ተነሳ። አንዱ ሴል ሲነድ ሙቀቱ አጠገቡ ያለውን ያስነሳል፤ ይህን ያን ቀን ነው ያየሁት።

አከራዬ እማማ ድምፁን ሰምተው በጆግ ውሃ ይዘው ወጡ። «ልጄ፣ ምንድነው እሱ?» «እማማ አይቅረቡ፣ ጭሱ መርዝ ነው!» አልኳቸው። ሁሉም ነገር የወሰደው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሴራሚኩ ተሰነጠቀ። ቻርጀሩ ቀለጠ። ጉሮሮዬ ለሁለት ቀን ከረከረኝ። እማማ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አስቀብተውታል፤ ጥቁሩ አሁንም በቀለሙ ሥር ይታያል።

ጭሱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለበት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ከተነሳ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ልጆች ይውጡ። ከተቻለ መብራቱን ቆጣሪው ላይ አጥፉ። ወደ እሳት አደጋ 939 ደውሉ። «የሊቲየም እሳት ላይ ውሃ አይደፋም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። መብራቱ ከተቆረጠ በኋላ ውሃ ያቀዘቅዘዋል፤ ወደ መጋረጃውና ወደ እንጨቱ እንዳይዛመትም ይከላከላል። ግን ከርቀት፣ በብዛት። አሸዋ ደግሞ ባትሪውን ራሱን አያጠፋውም፤ ነበልባሉ እንዳይረጭ ይይዘዋል። አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ቻርጅ ከምታደርጉበት ቦታ አጠገብ ማስቀመጥ ምንም አያስከፍልም።

የተጋጨ ባትሪን ሳትጠራጠሩ ተዉት። እኔ የጥፍር ያህል ጉድጓድ ነው ያየሁት።

አሁን የት እናስቀምጠው? በጣም ውድ ነገር አያስፈልግም። የብረት ሳጥን ወይም ወፍራም ቆርቆሮ ይበቃል። ክዳኑ ግን ጥርቅም ብሎ አይዘጋ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ሳጥኑ ራሱ ይፈነዳል። የባትሪዎቹ ጫፎች ብረቱን እንዳይነኩ በናስትሮ ጠቅልሏቸው፤ ውስጡን ሲሚንቶ ቦርድ ወይም ሸክላ ብታነጥፉለት ጥሩ ነው። አንዲት አክስቴ የተሰነጠቀ የሸክላ ድስት ሰጥታኝ ታችኛውን አሸዋ አድርጌ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። ከአልጋ ሥር አይሁን። ልጆች ከሚደርሱበት ራቅ ይበል። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥም አይሁን፤ መስቀል አደባባይ ስትነዱ ውላችሁ ባትሪውን የመኪናችሁ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ጥላችሁ ምሳ አትሂዱ። የአዲስ አበባ ብርድ ለዚህ ነገር ጸጋ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይወዳል። ፍሪጅ አያስፈልገውም። ቻርጅ ማድረግ የማይቻለው ከ0 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው፤ የኅዳር ብርዳችን ቤት ውስጥ እዚያ አይደርስም። ከነዳችሁ በኋላ ግን ትኩስ ባትሪ አትሙሉ። በእጃችሁ ስትይዙት ቀዝቃዛ እስኪሆን ጠብቁ።

ተቀምጦ የሚነድ ባትሪ ተረት የሚመስለው ካለ የራሳችንን አውሮፕላን ላስታውሰው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ቆሞ ነበር። ሰው አልነበረበትም። መብራት ከውጭም አልተሰካበትም። ለሰዓታት ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ ከኋላው ጣሪያ ላይ እሳት ተነሳ። የእንግሊዝ የአደጋ መርማሪዎች የደረሱበት መነሻ ጣሪያው ውስጥ ያለ የአደጋ ጊዜ ምልክት ማሰራጫ ነው። የሊቲየም ባትሪው ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር፤ ኮንታክቱን የፈጠረው እሱ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ያ ባትሪ እንደ እኛው የሚሞላ ዓይነት አይደለም፤ ኬሚስትሪውም ይለያል። የተቆነጠጠው ሽቦ ግን አንድ ነው። ባትሪያችሁን መኪናው ውስጥ አስገብታችሁ ክዳኑን ስትገጥሙ ሽቦው የት እንደዋለ እዩት።

በአውሮፕላን ለምታስመጡም በአጭሩ ልበል። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ይፈቀዳል፤ 3ኤስ 5000 ባትሪ 55.5 ዋት ሰዓት ነው (11.1 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት ሲባዛ)። ጫፎቹ ይሸፈኑ። በጭነት አውሮፕላን ለብቻቸው የሚላኩ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች፣ ሊፖም ከእነሱ ይቆጠራል፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ30 ፐርሰንት በላይ እንዳይሞሉ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። ሞልቶ መቀመጥን ደንብ አውጪዎቹም ይፈሩታል ማለት ነው።

የሞተው ባትሪስ? እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚያዝነው። ያበጠ ባትሪ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ቆራሌው ሲመጣ ከአሮጌ ብረት ጋር አብሮ መስጠት ነው። ከዚያ ባትሪው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ውስጡ ያለውን መዳብ ለማውጣት በመዶሻና በካቻቢቴ ይከፍተዋል። ባትሪው ሙሉ ይሁን ባዶ አያውቅም። ከቆሻሻ ጋር ከጣላችሁት ደግሞ የቆሻሻ መኪናው ይጨፈልቀዋል። እኛ የፈራነውን ነገር ለማያውቅ ሰው አሳልፎ መስጠት ነውር ነው።

ያበጠ፣ ግን ያልተቀደደ ባትሪ ካላችሁ ባዶ አድርጉት። ባለ 12 ቮልት የመኪና ፍሬቻ አምፖል ይበቃል። ግቢ ውስጥ፣ አሸዋ ላይ፣ ሰው ራቅ ብሎ። አምፖሉ ደብዝዞ እስኪጠፋ ሰዓታት ይፈጃል፤ ጠብቁት። ከጠፋም በኋላ አንድ ቀን ይሰንብት። በቴስተር ለኩት፤ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቁረጡ እንጂ ሁለቱን በአንድ ላይ እንዳትቆርጡ። ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሉ፣ ለብቻው በላስቲክ አድርጉ፣ ለሚወስደው ሰው ስትሰጡትም ምን እንደሆነ በአፋችሁ ተናገሩ። የተቀደደና የሚሸት ከሆነ ግን ምንም አታድርጉት፤ ውጭ፣ አሸዋ ውስጥ ቅበሩትና ከእሱ ራቅ በሉ።

ከተናገርኩ በኋላ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ ትናንት ማታ ለዛሬ ብሎ ሁለቱንም ሞልቷቸዋል። እዚህ ስለመጣን አልነዳም። አሁን ምን ላድርግ?» አሉኝ።

ዛሬ ወይም ነገ ይንዳቸው አልኳቸው። ቻርጀሩ ላይ ስቶሬጅ (ማስቀመጫ) የሚል ሴቲንግ ካለ እሱ ራሱ ያወርደዋል፤ ቀስ ስለሚል ሰዓት ይፈጃል፣ አጠገቡ መሆን ነው። ከሌለ ደግሞ ቤት አጠገብ ሩብ ሰዓት ያህል ይንዳና ይለካ። እያንዳንዱ ሴል 3.8 አካባቢ ሲደርስ ይንቀለው። ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ቁጥሩን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ።